ለአገር ንስሐ ስንጸልይ የተማርነው

ለአገር የሚጸልይ ቡድን ውስጥ ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህን ሳታዩ አትቀሩም። አንዱ ይነሣና «ጌታ ሆይ፣ መሪዎቻችንን ይቅር በላቸው» ይላል። ሌላው «ደም የሚያፈሱትን ልባቸውን መልስ» ይላል። ሦስተኛው ስለ ጉቦኛው፣ አራተኛው ስለ ወጣቱ ሱስ፣ አምስተኛው ስለ ሐሰተኛ ነቢያት ይማልዳል። ሁሉም አሜን ይላል፤ አንዳንዱም ያለቅሳል። ከዚያ ተነሥተን ወደየቤታችን እንሄዳለን። እዚያ ክፍል ውስጥ ከነበርነው መካከል ግን ንስሐ የገባ ሰው የለም። የተናዘዝነው እዚያ ያልነበሩ ሰዎችን ኃጢአት ነው።

እኔ እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ ዓመታት አሳልፌአለሁ፤ አሁንም አለሁበት። ይህን የምጽፈው እንደዚህ ያለ ቡድን ለምትመሩ፣ ልትጀምሩ ላሰባችሁ፣ ወይም «እንጸልያለን እንጸልያለን፣ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም» ብላችሁ ለደከማችሁ ነው። የነገረ መለኮት ሰው አይደለሁም። ከእኔ በተሻለ የሚያውቅ አገልጋይ አጠገባችሁ ካለ እሱን ጠይቁ። የምነግራችሁ ቁጭ ብለን ስንጸልይ ያየሁትን ነው፤ የሆነልንንም ያልሆነልንንም።

የመጀመሪያው ችግራችን ዜና ነበር። ሁላችንም ስልካችንን አይተን ነው የምንመጣው። እገሌ እንዲህ አለ፣ እዚያ ማዶ እንዲህ ተደረገ፣ ይሄ ቪዲዮ ደርሷችኋል? ግማሹ ሰዓት በትንታኔ ያልቃል፤ ቀጥሎ ያንኑ ትንታኔ ዓይናችንን ጨፍነን እንደግመዋለን። አንድ ምሽት በዕድሜ ትልቋ እናታችን፣ ብዙም የማይናገሩ ሴት ናቸው፣ በጸሎቱ መሐል ዓይናቸውን ገለጡና «ልጆቼ፣ ለጌታ እኮ ዜና እየነገርነው ነው። እሱ እንደሆነ ሰምቷል» አሉ። ሣቅን። ከዚያ ግን መቀጠል አቃተን፤ ዜናው ሲወጣለት የሚቀር ጸሎት አልነበረንማ።

ከዚያ ወዲህ ልማድ አደረግን። ስንሰበሰብ ዜና አይወራም። አንድ ምዕራፍ ድምፅ ወጥቶ ይነበባል፣ ረጅም ቢሆንም ሙሉውን። ከዚያ ዝም እንላለን። ዝምታው መጀመሪያ በጣም ይከብዳል፤ አንድ ሰው ሁልጊዜ ያስለዋል፣ ሌላው መዝሙር ሊጀምር ይፈልጋል። ታገሡት። የእኛ ቡድን ከተለወጠባቸው ነገሮች ግማሹ የመጣው ከዚያ ዝምታ ነው ብል አልዋሸሁም።

መጀመሪያ ካነበብናቸው አንዱ ሕዝቅኤል 9 ነው። እዚያ ላይ ጽሕፈት መሣሪያ የያዘ ሰው በከተማይቱ መካከል ያልፋል፤ በውስጧ ስለሚሠራው ርኩሰት የሚያለቅሱትንና የሚተክዙትን ሰዎች ግንባራቸው ላይ ምልክት ያደርግባቸዋል። እነዚህ ሰዎች ኃይለኛ ነቢያት ናቸው አልተባለም። ራእይ አዩ አልተባለም። አዘኑ ነው የተባለው። ብዙዎቻችን መንፈሳዊ ንቃት ሲባል የተሰወረ ነገር ማየት፣ «ጌታ አሳየኝ» ማለት፣ ከመጋረጃው በስተኋላ ያለውን ማወቅ ይመስለናል። በዚያ ምዕራፍ የነቃ ሰው የሚታወቀው ስላየው ነገር ልቡ በመታመሙ ነው፤ ይሄ ደግሞ ማንም የሚያየው በአደባባይ የሚሠራ ነገር ነው። ምዕራፉ ወረድ ሲል ደግሞ ፍርዱ ከየት እንደሚጀምር ይናገራል፤ «ከመቅደሴም ጀምሩ» ይላል። ጴጥሮስም በመጀመሪያው መልእክቱ 4:17 ላይ ፍርድ ከእግዚአብሔር ቤት እንደሚጀምር ይናገራል። እኛ ከቤተ መንግሥት ነበር የምንጀምረው።

ዳንኤል 9ን ደጋግመን ያነበብነው ያን ሰሞን ነው። ዳንኤል ወደ ባቢሎን የተወሰደው ገና ብላቴና ሳለ ነው። ኢየሩሳሌምን ለጥፋት ያበቃው ነገር፣ የነገሥታቱ ጣዖት፣ የድሀው መበደል፣ የነቢያቱ መገፋት፣ አብዛኛው እሱ ሳይወለድ ወይም ልጅ ሳለ የተሠራ ነው። ስለ እሱ ደግሞ ጠላቶቹ እንኳ ሰበብ ፈልገው አጡበት ተብሎ ተጽፏል። ያ ሰው የኤርምያስን 70 ዓመት አንብቦ ዘመኑን ባስተዋለ ጊዜ ማቅ ለብሶ በአመድ ላይ ሆኖ «ኃጢአት ሠርተናል፣ በድለናል፣ ነቢያትን አልሰማንም» እያለ ይጸልያል። የቀድሞዎቹን ገዢዎች ሲያነሣ እንኳ «ነገሥታቶቻችን» ነው የሚላቸው። ቁጥር 20 ላይ ደግሞ የራሱን ኃጢአት ከሕዝቡ ኃጢአት ጋር አንድ ላይ እየተናዘዘ እንደነበር ራሱ ይነግረናል።

ይሄ ገባን፤ ደስም አለን። ጸሎታችንን ሁሉ ወደ «በድለናል» ለወጥነው። እዚህ ላይ ግን አስጠነቅቃችኋለሁ፤ ይሄም ራሱ መደበቂያ ይሆናል። «ጌታ ሆይ፣ እንደ ሕዝብ በድለናል» ማለት በጣም ቀላል ነው። ሁሉም የበደለበት ቦታ ማንም አልበደለም። ድምፃችን ያምር ነበር፣ እንባም ነበረን፣ በማግስቱ ግን ማንም የሚያስተካክለው ነገር አልነበረውም። አንድ ነገር እስኪጠራ ድረስ፣ ይህን አደረግሁ፣ ይህን ወሰድሁ፣ ይህን አውቄ ዝም አልሁ እስኪባል ድረስ የአገር ንስሐ የሚባለው ነገር አየር ላይ ነው የሚንሳፈፈው።

መሬት ያወረደን ነህምያ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ምዕራፍ 1ን ነው፤ በሱሳ ሆኖ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሲሰማ ተቀምጦ ማልቀሱን፣ መጾሙን፣ «እኔና የአባቴ ቤት በድለናል» ማለቱን። በጣም ጥሩ። ግን ወደ ምዕራፍ 5 እለፉ። ቅጥሩ እየተሠራ ሳለ ድሆቹ ይጮኻሉ። እርሻችንን አስይዘናል፣ ለንጉሡ ግብር ተበድረናል፣ ልጆቻችንን ለባርነት እየሰጠን ነው ይላሉ፤ ያስያዟቸው ደግሞ ወንድሞቻቸው ናቸው፤ አብረዋቸው ድንጋይ የሚደረድሩት፣ አብረዋቸው የሚጸልዩት። ነህምያ ተቆጣ። ታላላቆቹንም ወቀሰ። ከዚያ ግን ቁጥር 10 ላይ «እኔም ወንድሞቼም ብላቴኖቼም ገንዘብና እህል አበድረናቸዋል» ይላል። አስተዋላችሁ? ያ ምዕራፍ 1 ላይ የጾመው፣ ያለቀሰው ሰው ራሱ አበዳሪዎቹ ውስጥ አለበት። ስለ ወለዱ «እንተወው» ሲል ራሱን ጨምሮ ነው። ቀጥሎም እርሻው፣ ወይኑ፣ ወይራው፣ ቤቱ፣ የገንዘቡና የእህሉ መቶኛ እጅ ዛሬውኑ ይመለስ አለ። ካህናት ጠርቶም አስማላቸው።

ያን ምሽት ምዕራፉ ተነቦ ዝም ስንል ንግድ ላይ ያለ አንድ ወንድማችን ፊቱ ተለዋወጠ። ምንም አልተናገረም። በሌላ ቀን ለብቻዬ ጠርቶኝ ለአንድ የተቸገረ ቤተሰብ ገንዘብ አበድሮ መያዣ መውሰዱን፣ ዕዳው ከተከፈለ በኋላም ወለድ ቀርቷል ብሎ መያዣውን አለመመለሱን ነገረኝ። የጠየቀኝ «ይቅር ይለኝ ይሆን?» ብሎ አይደለም። «ምን ብዬ ልመልስላቸው? እንዴት ነው የሚጀመረው?» ነው ያለው። ለእኔ፣ በዚያ ቡድን ውስጥ ለአገር የተጸለየው የመጀመሪያው ጸሎት ያ ጥያቄ ነበር። ሄዶ መለሰ። ሰዎቹ ተቀበሉት እንጂ አላቀፉትም፤ ይህንንም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሁሉም ምስክርነት በመተቃቀፍ የሚያልቅ ይመስለናል።

ከዚያ በኋላ ሉቃስ 3ን ወሰድን። ይህን ምዕራፍ በተለይ እመክራችኋለሁ። መጥምቁ ዮሐንስ «ለንስሐ የሚገባ ፍሬ አድርጉ» ሲል ሕዝቡ «እንግዲህ ምን እናድርግ?» ይሉታል። የሚመልስላቸው በየሥራቸው ነው። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ይስጥ። ቀራጮቹን ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ ይላቸዋል። ወታደሮቹን በማንም ላይ ግፍ አትሥሩ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ ይላቸዋል። ሥራችሁን ተዉና በረሃ ግቡ አላለም። ቀራጩ ቀራጭ ሆኖ፣ ወታደሩ ወታደር ሆኖ ነው የሚመለሰው። አገር የሚበላሸውም የሚቃናውም እዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ እዚያ በር ላይ፣ እዚያ መሣሪያ ላይ ስለሆነ ይመስለኛል።

እኛም እንደዚያው አደረግን። እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ ሥራ ብቻ፣ ስለ አለቃው ሳይሆን፣ ስለ መሥሪያ ቤቱ ሳይሆን፣ «እኔስ ምን ላድርግ?» ብሎ እንዲጠይቅ። አንዱ ቢሮ የሚሠራ ወንድም ባለጉዳይን «ነገ ተመለሱ» የሚልበትን ምክንያት ሲቆጥር አብዛኛው ስንፍና ሆኖ አገኘው። ጉቦ በልቶ አያውቅም፤ በዚህም ይኮራ ነበር። ግን የሰው ጊዜ በልቷል። አስተማሪዋ እህታችን የማን ልጅ እንደሆነ እያየች የምትታገሠውንና የምትቆጣውን ለየች። ነርሷ ጠያቂ ለሌለው በሽተኛ ድምፅዋ እንደሚለወጥ ተናገረች። አንዲት የቤት እመቤት ደግሞ «ቤቴ የምትሠራው ልጅ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበት ሰዓት የላትም። እኔ እዚህ መጥቼ ለአገር ስጸልይ ልጆቼን የምትጠብቀው እሷ ናት» አለች። ክፍሉ ፀጥ አለ። ልጅቷ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የራሷ ቀን አላት።

እኔ የቀረኝ ስልኬ ነበር። ጸሎት ከመጀመራችን በፊት በሳምንቱ ውስጥ ለሌላ ሰው ያስተላለፍነውን ወደ ኋላ ሄደን እንድናይ ተስማማን፤ ለማንም ሳናሳይ፣ ለራሳችን ብቻ። ይህን ሞክሩት። ሳያጣሩ የተላከ ቪዲዮ፣ አንድን ሕዝብ በሙሉ የሚያንቋሽሽ ቀልድ፣ እገሌ ገዳይ ነው የሚል ምንጩ የማይታወቅ ጽሑፍ። «በሐሰት አትክሰሱ» የተባለው ለወታደሮች ብቻ መስሎን ነበር እኮ! አሁን አንድ ነገር ስልኬ ላይ ሲመጣ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ እውነት መሆኑን በምን አወቅሁ፣ የተባለበት ሰው ፊቴ ተቀምጦ ቢሆን እልከው ነበር ወይ? አብዛኛው እዚያው ይቀራል።

አሁን ከባዱ ጋ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ቡድን ይሰበራል። በመካከላችን በግጭት ቤተሰቧን ያጣች እህት አለች። «በድለናል፣ ደም አፍስሰናል» እያልን በምንጸልይበት ጊዜ አንድ ቀን ተነሥታ ወጣች። በኋላ ስናገኛት «እኔ ምን አደረግሁ? የሞቱት እኮ የእኔ ናቸው። እኔንም ደም አፍስሰናል በይ ትሉኛላችሁ?» አለችን። መልስ አልነበረንም። አንዳንዱ ወንድም ጥቅስ ሊመዝዝ ሲል እናታችን በዓይናቸው ከለከሉት።

የተበደለን ሰው ስለ ደረሰበት በደል ንስሐ ግባ ማለት ሌላ በደል ነው። ይህን ከተረዳን በኋላ ቅደም ተከተሉን ለወጥን። መጀመሪያ ሙሾ፣ ቀጥሎ ኑዛዜ። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አንድ ሙሉ ሰቆቃወ ኤርምያስ አለ፤ «እስከ መቼ?»፣ «ለምን?» የሚሉ መዝሙራት አሉ፣ 13ኛውን አንብቡ፣ 10ኛውንም። እህታችን መዝሙር 10ን ራሷ ድምፅዋን አውጥታ አነበበች፤ ማንም አልጸለየላትም፣ ማንም ይቅር በይ አላላትም፣ አብረናት ብቻ ተቀመጥን። የሰቆቃወ ኤርምያስ የመጨረሻው ምዕራፍ ይገርማል። ቁጥር 7 ላይ አባቶቻችን ኃጢአት ሠሩ፣ ዛሬም የሉም፣ እኛም በደላቸውን ተሸከምን ይላል። ጥቂት ወረድ ብሎ ቁጥር 16 ላይ ኃጢአት ሠርተናልና ወዮልን ይላል። ሁለቱም ጩኸት አንድ ጸሎት ውስጥ አለ፤ አንዱ ሌላውን አላባረረውም። እሷም ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ስለ ራሷ ጥላቻ ጸለየች። ያን የጸለየችውን አልጽፍም፤ የእሷ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነገር አለ። አንድን ሰው የብሔሩ ወኪል አድርጋችሁ «በወገኖችህ ስም ይቅርታ ጠይቅ» አትበሉ። አይተናል፤ ሰውየው ያፍራል፣ ሌላው የፈረደበት ይመስለዋል፣ የሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱም አይመጡም። ሕዝቅኤል 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል በግልጽ። ታዲያ ዳንኤል እንዴት የአባቶቹን ተናዘዘ? እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ዳንኤል ማንም ሳያስገድደው ራሱ ወደ ሕዝቡ ሸክም ገባ እንጂ ሌላ ሰው መጥቶ አልጫነበትም። በራስህ ፈቃድ የምትገባበት ነገር ነው። በሰው ላይ ስታደርገው ክስ ይሆናል። ጌታችንም ሉቃስ 13 ላይ ጲላጦስ ስለ ገደላቸው ገሊላውያን ሲነግሩት፣ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎችም አክሎ፣ ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች አልነበሩም አለ፤ ወደ ጠየቁት ዞሮም እናንተስ ንስሐ ባትገቡ አለ። አንድ አገር መከራ ሲደርስበት «በኃጢአታቸው ነው» ብሎ ለመናገር የሚቸኩል ሰው ይህን ምዕራፍ ቢያነብ ጥሩ ነው።

ስለ ዘላቂነቱ ደግሞ ኤርምያስ 34ን ሳላነሣ አላልፍም፤ በስብከት ብዙ አይነካም። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ጦር ተከብባ ሳለ ንጉሥ ሴዴቅያስና ሕዝቡ ቃል ኪዳን ገቡ። ዕብራውያን ባሮቻቸውን ሁሉ በሕጉ መሠረት ነፃ ሊለቁ፣ እንቦሳ ለሁለት ቆርጠው በመካከሉ አለፉ። ለቀቁም። ብሔራዊ ንስሐ ቢባል ከዚህ በላይ ምን አለ? ንጉሡ አለበት፣ አለቆቹ አሉበት፣ ካህናቱ አሉበት፣ ተግባርም አለበት። የግብፅ ሠራዊት ሲንቀሳቀስ ባቢሎናውያን ከከተማዋ ዞር አሉ። እፎይ ተባለ። ያን ጊዜ ሰዎቹ ባሮቻቸውን እንደገና ይዘው አስገዙአቸው። በፍርሃት የተለቀቀው ፍርሃቱ ሲያልፍ ተመለሰ። እግዚአብሔር በዚህ የተቆጣውን ያህል በመጀመሪያው ባርነት የተቆጣ አይመስለኝም።

የነነዌም ነገር እንዲሁ ነው። የዮናስን ምዕራፍ 3 ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ጾሙ የታወጀው ከታች ነው። ሰዎቹ አመኑ፣ ጾሙ፣ ማቅ ለበሱ፤ ወሬው ለንጉሡ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። መሪው እስኪነቃ መጠበቅ የለብንም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ እግዚአብሔር ያየው ከክፉ መንገዳቸው እንደ ተመለሱ፣ ሥራቸውን ነው የሚለው። አዋጁ ራሱ ሰው ሁሉ በእጁ ካለው ግፍ ይመለስ ይላል። ይሁን እንጂ ያ ንስሐ ለልጅ ልጆች አልተላለፈም። ነቢዩ ናሆም ያችን ከተማ «የደም ከተማ» ይላታል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ዓመትም ጠፋች። ስለዚህ አንድ ትልቅ ስብሰባ፣ አንድ ትልቅ ስታዲየም፣ አንድ የጾም አዋጅ አገርን ለዘላለም አያሻግርም። ዘካርያስ 7 ላይ ለ70 ዓመት ጾመው መጥተው ለሚጠይቁት ሰዎች እግዚአብሔር የመለሰላቸው «ለእኔ ነውን የጾማችሁት?» ብሎ ነው።

በቅርቡ ታሪክም ይህ ተሞክሯል። በጥቅምት 1945 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) የጀርመን ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መሪዎች ሽቱትጋርት ተሰብስበው የበደል ኑዛዜ አወጡ። በእኛ በኩል ለብዙ ሕዝቦችና አገሮች ማለቂያ የሌለው መከራ ደርሷል አሉ፤ ይበልጥ በድፍረት ባለመመስከራችን፣ ይበልጥ በታማኝነት ባለመጸለያችን ራሳችንን እንከሳለን አሉ። ከፈረሙት አንዱ ማርቲን ኒሞለር ነው፤ መጀመሪያ ላይ ናዚዎችን የደገፈ፣ በኋላ ግን ተቃውሟቸው ከ1937 ጀምሮ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ታስሮ የነበረ። «እኔ የታሰርሁ ሰው ነኝ፣ ይሄ አይመለከተኝም» ማለት ይችል ነበር። ኑዛዜው ግን የአይሁድን እልቂት በስሙ አልጠራም፤ ለዚህም እስከ ዛሬ ይተቻል። ገና ያን ጊዜ ደግሞ ብዙ ጀርመናዊ ለምን ይህን አላችሁ ብሎ ተቆጥቷል። በደቡብ አፍሪካም በኅዳር 1990 በሩስተንበርግ በተደረገው የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ የነጮቹ የሆላንድ ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ሰው የሆነው ፕሮፌሰር ዊሊ ዮንከር የራሱንና የቤተ ክርስቲያኑን የአፓርታይድ (የዘር መድልዎ አገዛዝ) ኃጢአት በሁሉ ፊት ተናዘዘ። ጥቁሩ ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ተነሥተው ኑዛዜውን ተቀበሉ። የሁለቱም ወገን ሰዎች ግን አጉረመረሙ፤ አንዱ ለምን ተናዘዘ አለ፣ አንዱ ለምን ቶሎ ተቀበሉ አለ። ጉባኤው ታዲያ በይቅርታ ብቻ አላበቃም፤ የተወሰደው እንዲካስም ጠይቋል። እነዚህን ለቡድናችን ያነበብሁት የተናዘዘ ሰው ይጨበጨብለታል ብለው እንዳይጠብቁ ነው።

ስለ ትንቢት ጥቂት ልበል፤ ለአገር በሚጸለይበት ቦታ ሁሉ ይመጣልና። «አገሪቱ እንዲህ ትሆናለች፣ በዚህ ወር እንዲህ ይሆናል» የሚል። እኛ አንከለክልም፤ ትንቢትን አትናቁ ተብሏል። ቀጥሎም ሁሉን ፈትኑ ተብሏል። ስለዚህ ይጻፋል፣ ቀኑም ይጻፋል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይነበባል። ይህን ካደረግን ወዲህ ትንቢቱ በእጅጉ ቀነሰ! ኤርምያስ 28 ላይ ሐናንያ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ባቢሎን የተወሰደው ሁሉ ይመለሳል ብሎ ሲናገር ሕዝቡ ደስ ሳይለው አይቀርም፤ ኤርምያስ ራሱ አሜን፣ እንዲህ ያድርግ ብሎታል። ግን ውሸት ነበር። በአክዓብ ፊት የቆሙት 400 ነቢያትም በአንድ ድምፅ ወደ ጦርነት ውጣ ነበር ያሉት፤ አንዱ ሚክያስ ብቻ ተለየ። እኔ የምጠነቀቀው ምንም እንድንመልስ፣ ምንም እንድንለቅ የማይጠይቀንን ትንቢት ነው።

ሌሎቹ ጥንቃቄዎች ብዙ ማብራሪያ አይሹም። በቡድን ውስጥ የሚነገረው ሁሉ ልክ አለው። የትዳር ጉዳይ፣ የሌላ ሰው ምስጢር፣ ሰውን የሚያሳፍር ዝርዝር ለአገልጋይ ወይም ለንስሐ አባት ለብቻ ይነገራል እንጂ በጸሎት ክበብ አይዘረገፍም። ወንጀል ከሆነ፣ በተለይ ልጅ የተጎዳበት ከሆነ፣ «ንስሐ ገብቷል» ተብሎ አይሸፈንም፤ ለሕግ ይቀርባል። የተወሰደ ነገር ካለ ዘሌዋውያን 6 ዋናውን መልሶ አምስተኛ እጅ መጨመርን ያዛል፤ እኛ ቢያንስ ዋናው ይመለስ እንላለን። ጾም ላይ መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ፣ ስኳር ያለበት ሰው አይገደድም፤ ሐኪሙን ይጠይቅ፣ ከምግብ ሌላም የሚጾም ነገር ሞልቷል፤ ስልክ ለምሳሌ።

እስካሁን ያልተስማማንበትም አለ። አንዳንዶቻችን ስለ ሞቱት፣ አያቶቻችን ስለ ሠሩት ግፍ በስም እየጠራን እንናዘዝ ይላሉ፣ ነህምያ 9ን ይጠቅሳሉ፤ እዚያ ሕዝቡ የቀኑን ሩብ ሕግ አንብበው ሌላውን ሩብ የራሳቸውንና የአባቶቻቸውን ኃጢአት ተናዝዘዋልና። ሌሎቻችን ደግሞ የሞተ ሰው ራሱን መከላከል አይችልም፣ ታሪኩንም እያንዳንዱ በሰማው መንገድ ነው የሚያውቀው፣ ጸሎቱ ወደ ታሪክ ክርክር ይሄዳል እንላለን። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ግን ግፉ ትቶልን የሄደው ነገር ዛሬ በእጃችን ካለ፣ መሬት ይሁን ስም ይሁን ንቀት፣ እሱ የእኛ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለመጀመር ያሰባችሁ ብዙ ሰው አትፈልጉ። የሚተማመኑ ጥቂት ሰዎች ይበቃሉ፤ ቢቻል ሥራቸው የተለያየ፣ ቢቻል ሁሉም ከአንድ ወገን ያልሆኑ። የመጀመሪያውን ምሽት ነህምያ 5ን አንብቡና ጸሎት ሳትጀምሩ ዝም በሉ። ሁለተኛውን ሉቃስ 3ን። የሚመራው ሰው ስለ ራሱ ሥራ መጀመሪያ ይናገር፤ እሱ ካልተናገረ ማንም አይናገርም። አንድ ሰው «እነሱ እኮ» ብሎ ሲጀምር አታቋርጡት፣ ይጨርስ፤ ሲጨርስ ብቻ «አንተስ ምን ልታደርግ ነው?» በሉት። ይቆጣ ይሆናል። የእኛዎቹ ተቆጥተው ነበር፤ አብዛኞቹ በሚቀጥለው ሳምንት መጥተዋል።